የማዕዘኑ ክፍል ቁልፍ

ስድስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ወንድማችን በአሮጌው ባለ ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር ተቀምጠው፣ አባታቸውና አጎታቸው ሲያወሩ ሰሙ። ወሬው በሙሉ አልተያዘላቸውም፤ ይህን ያህሉን ግን እስከ መጨረሻው አልረሱትም።

«ለእድሳት ነው ውጡ ያሉን። ሲያልቅ እንመለሳለን።»

«ማን ነው እንዲህ ያለህ?»

«ባለቤቱ ራሱ።»

«እንግዲያው ዕቃህን አጥብቀህ እሰር፣ ወንድሜ።»

ቤቱ ታደሰ፤ እነሱ ግን አልተመለሱም።

ወንድማችን ከግንበኛ አባታቸውና ልብስ አጥበው ከሚያድሩ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው የአባታቸውን ሙያ ያዙ። ግድግዳን በጣታቸው አንኳኩተው ጆሯቸውን ሳያስጠጉ ደህና ነው ብለው ስለማያውቁ «ጋሽ ኳኳ» የሚል ቅጽል ወጣላቸው። ሰውንም እንዲሁ ነበር የሚያንኳኩት። በ1975 ዓ.ም. ትዳር ሲመሠርቱ እንኳ፣ እሺ ያሏቸውን ባለቤታቸውን ደጋግመው ቢጠይቋቸው፣ «አሁንም ከጠየቅኸኝ እቀራለሁ» መባላቸው በቤተሰቡ ሲሳቅበት ኖሯል።

በ2012 ዓ.ም. በልጅነታቸው የወጡበት ያ ቤት ዳግመኛ አርጅቶ፣ ሰገነቱ ዘመም ብሎ፣ ሱቆቹ ገሚሱ ተዘግተው ሳለ፣ ቤቱን የወረሱት እመቤት እንዲያድሱት ጠሯቸው። «ተከራይ ይውጣና ባንዴ ይሠራ» ሲባሉ አሻፈረኝ አሉ። አንድ ክፍል ብቻ እየተለቀቀ ይሠራል፤ ኖራው እስኪደርቅ የክፍሉ ቁልፍ በእሳቸው ኪስ ይቆያል፤ ከዚያ ለነዋሪው ይመለሳል። እመቤቲቱ «ከተከራዮቹ ጋር መክሮ ቤቴን ሊያስቀረኝ ነው» ብለው ጠረጠሩ። እሳቸውም እመቤቲቱ ብቅ ባሉ ቁጥር ኪሳቸውን ይዳብሱ ነበር። እንዲህ እየተጠራጠሩም ጫማ ሰፊው ተመለሰ፣ ሻይ ሻጯ ተመለሰች፣ የተዘጉት መስኮቶች ተከፈቱ፤ ሰፈሩ ነፍስ ዘራ። የቀረው የልብስ ሰፊው የማዕዘን ክፍል ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ እመቤቲቱ ለሌላ ሊያከራዩት ነው ተብሎ ተወራ።

በዚህ መካከል ወንድማችን ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ሲተኙ የዚያን ክፍል ቁልፍ ትራሳቸው ሥር አደረጉት። እመቤቲቱ ሊጠይቋቸው መጡ።

«ጋሽ ኳኳ፣ ቁልፉን ይስጡኝ። በገዛ እጄ ለሰውዬው እሰጣለሁ።»

«ማን ያይዎታል?»

«እግዜር ያየኛል።»

«እሱስ ያያል፣ እመቤቴ። ሰውም ይመልከትዎት።»

እመቤቲቱም «እሺ፣ ሰው ባለበት» አሉ። ወንድማችን ፊታቸውን አይተው አይተው ቁልፉን አወጡላቸው።

ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ውጡ በማይባልበት ቤት ያኑርልን።

እመቤቲቱም በተስማሙት መሠረት፣ ይህ የሕይወት ታሪካቸው ተነቦ ሲያበቃ፣ እዚሁ በሁላችን ፊት ቁልፉን ለልብስ ሰፊው ያስረክባሉ።