ለሴይቼንቶዋ የቀዳኸው ውሃ

ጋሽዬ፣ ራዲያተሯ ላይ የለጠፍከው ሳሙና ቀልጦ ማለቁን ብነግርህ «ታዲያ ሌላ ለጥፍበት» እንደምትለኝ አውቃለሁ። አልለጥፍም። ካሁን ወዲያ በዚህ ቤት ሳሙና ለገላና ለልብስ ብቻ ነው።

እንዴት ነህ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ደብዳቤ እንደዚያ ነው የሚጀመረው ብለው አስተምረውናል። ግን አንተን እንዴት ነህ ብሎ መጠየቅ ምን ይጠቅማል? ጀሪካን ይዘህ ከሄድክ ሁለተኛው ክረምት አልፎ መስከረም ጠባ። እኔ አስራ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ። እማዬ እግሩን አጥፋ የሰፋችልኝን ካኪ ሱሪህን ዘንድሮ ፈትታዋለች፤ ልኬ ሆኗል። ይህ ደግሞ ያስፈራታል። ቀበሌ ለውትድርና ወጣት በመዘገበ ቁጥር ከእድሜዬ ትቀንሳለች። በዚህ አያያዟ የሚቀጥለው ምዝገባ ጡት ስጠባ ይደርሳል።

አባባ ሲሞት «ከዛሬ ጀምሮ ወንድምህን በስሙ እንዳትጠራው፤ ጋሽዬ በለው» ያለችኝ እሷ ናት። አንተ በአራት ዓመት ብቻ ነው የምትበልጠኝ። ክብሩ ግን ወዲያው ተስማማህ። የአባባን ኮት ትከሻህ ላይ ጣል አድርገህ መሪ ስትጨብጥ፣ የፒያሳ ነጋዴ ሁሉ ብድግ የሚልልህ ይመስልህ ነበር።

አባባ የተወልን ሁለት ነገር ነው፤ የጨርቅ ሱቁንና አሮጊቷን መኪና፣ ሴይቼንቶዋን። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ አንተ «ልጇን አዝላ የምትሄድ መኪና ይቺ ብቻ ናት» ትል ነበር። ስታርተሯ ስለማይሠራ ሁልጊዜ ከቤታችን በላይ፣ የታቦር ቁልቁለት ላይ፣ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርገህ ታቆማታለህ። ጠዋት ጠዋት ገፊው እኔ ነኝ። ስትነሳልህ አትቆምልኝም። ከጎንህ ያለውን በር ከፍተህልኝ «ሩጥ፣ አንተ ድንች፤ ከቆምኩ ትጠፋለች» እያልክ ትሄዳለህ። እኔ ደብተሬን በጥርሴ ነክሼ እሮጥና እዘላለሁ። ትምህርት ቤት በር ላይም ሳታቆም ነው የምታወርደኝ። የክፍል ልጆች ጠዋት ጠዋት ይህንን ለማየት ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። የፍቼ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ለት፣ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ጭፈራውን እንዳይ ጣሪያዋ ላይ አቁመኸኝ፣ በክብደቴ ቆርቆሮው ሲሰረጉድ ከውስጥ በቡጢ መትተህ መለስከው። ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ዝናብ ሲዘንብ አሁንም ውሃ ይቋጥራል።

ሳሙናውን ከማን እንደተማርክ አውቃለሁ። የቤንዚን ታንከሯ ያፈሰሰ ጊዜ ሜካኒኩ ጋሽ ሌዳሞ ሳሙና አሽቶ ለጠፈባት፤ ቆመ። አንተ ያንን አየህና ራዲያተሩ ሲያፈስ ራስህ ለጠፍክ። ጋሽ ሌዳሞ ጉዱን በኋላ ሲያይ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ሳሙና ቤንዚን አያሟሟውም። ሙቅ ውሃ ምን እንደሚያደርገው ግን እኔን ሳይሆን ልብስ አጣቢ መጠየቅ ነበረበት» አለ። አንተ ግን ማንንም አትጠይቅም።

ያን ቀን ለሱቁ ጨርቅ ጭነህ ከሻሸመኔ ስትመለስ ሳሙናው መንገድ ላይ ቀለጠ። የሙቀቱ መርፌ ቀይ ላይ መድረሱን አይተሃል። ቆመህ ብታበርዳት ኖሮ ትድን ነበር። አንተ ግን «ጥቁር ውሃ ወንዝ ደርሼ አጠጣታለሁ» ብለህ ነዳህ። ወንዙ ጋ ለመድረስ ትንሽ ሲቀርህ ፒስተኖቹ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቀው ሞተሩ ነክሶ ቀረ። በውሃ ጥም የሞተችው ወንዝ እየታያት ነው። ይህ እስከዛሬ ያናድደኛል።

ጀሪካን ይዘህ ወረድክና ቀዳህ። ስትመለስ ወንዙ አጠገብ ካለው ኬላ ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚያፍስ ካሚዮን ቆሟል። ያየችህ እዚያ ሸንኮራ የምትሸጠው ሴትዮ ናት። «መኪናዬ ጠምቷት ቆማለች፤ ላጠጣትና ልምጣ» ብትላቸው ሳቁ አለችን። «እሱም አብሯቸው ሳቀ» አለችን። ያ ሳቅህ ነው የማይወጣልኝ። ሁሉም ነገር ሳሙና የሚለጠፍበት ይመስልሃል። ምናልባት ካሚዮኑ ላይ ስትወጣም የሆነ ነገር ለጥፈህ የምትወርድ መስሎህ ነበር። ጀሪካኑን ከእጅህ የተቀበለችህ ሴትዮዋ ናት። ሳታፈስ፣ ከነውሃው፣ ለእማዬ አመጣችላት።

ከዚያ በኋላ ድምፅህን የሰማነው በሌላ ሰው አፍ ነበር። ካንተ ጋር የታፈሰ የይርጋለም ልጅ ታሞ ከማሰልጠኛ ሲመለስ ቤታችን መጣና የሆነውን ሁሉ ነገረን። መርፌው ቀይ እንደነበር ያወቅነውም ከእሱ ነው። መልእክትህ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ «ሞተሩን ማንም እንዳይነካው። ስመጣ ራሴ እቀይረዋለሁ።» እማዬ እንዴት ናት አላልክም። ስለኔም አልጠየቅክም። ስለ ሞተር ብቻ።

እማዬም ያችን ቃል እንደ ታቦት ያዘቻት። መኪናዋ ተጎትታ ግቢ ገባች። ጀሪካኑ ከእማዬ አልጋ ራስጌ ተቀመጠ። ማንም አልነካቸውም።

መርዶው የመጣው ሊነጋጋ ሲል ነው። በሩ ሲንኳኳ አንተ መስለኸኝ ባዶ እግሬን ሮጥኩ። አጎታችን ጋሽ ፍቃዱ፣ የእድሩ ዳኛና ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ ማንም ያውቃል። እማዬ ከኋላዬ መጥታ አየቻቸውና አንድ ቃል ሳይተነፍሱ «ለመርዶ ከሆነ በመጣችሁበት ተመለሱ። ልጄ ውሃ ሊቀዳ ነው የሄደው» አለቻቸው።

ሬሳ የሌለው ለቅሶ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። ፎቶህንና የአባባን ኮት ድንኳን ውስጥ አስቀመጡ፤ የሰው ዐይን የሄደው ግን ወደ መኪናዋ ነው። ከሩቅ የመጣው ሁሉ እሷን እየደበደበ አለቀሰ። አልቃሿ «ሹፌሩ የት ወረደ» እያለች ሙሾ አወጣች። ሴይቼንቶዋ ያንተን ቦታ ይዛ፣ የነከሰ ሞተሯን እንዳዘለች፣ መሃል ላይ ተለቅሶላት ዋለች። የቀበሌው ሊቀ መንበር ተነስቶ ለእናት አገር ስለተከፈለ መስዋዕትነት ተናገረ። እማዬ መሬት መሬት እያየች «እኔስ የማን እናት ነኝ» አለች። የሰማኋት አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነኝ። ለጎረቤት ስትል ጥቁር ለበሰች። አርባህን ግን አላወጣችም። በሕይወት ላለ ሰው አርባ አይወጣም አለች።

ሱቁ እቃ የሚያመጣለት አጣና መደርደሪያው ሳሳ። ጋሽ ፍቃዱ አሮጌ መኪና እየፈታ የሚሸጥ ሰውዬ ይዞ መጣ። ሰውዬው ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። ጋሽ ፍቃዱ ለእማዬ «ወይ ትንቀሳቀስ፣ ወይ ትሸጥ። የሞተ ነገር ግቢ ውስጥ አይቀመጥም፣ እቴ» አላት። እማዬ አትሸጥም አለች። እንግዲያው ትሠራ ሲላት አትነካም አለች። ሰውዬው በወሩ መጨረሻ መጎተቻ ገመድ ይዞ ሊመጣ ከጋሽ ፍቃዱ ጋር ተስማማ፤ እማዬ ግን እንዳልሰማች ሆነች። መሃል ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ። እንድትፈታ አልፈልግም። አንተን ደግሞ ጠብቄ ጨርሻለሁ።

«አይመጣም፣ እማዬ። ሞተሩን የሚቀይረው እሱ አይደለም» አልኳት።

አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻል ነበር። ያን ሳምንት ምሳዬን እያቀረበችልኝ ፊቷን ታዞራለች። ቅዳሜ ጠዋት ግን ጋሽ ሌዳሞን ራሷ ጠርታ በር ከፈተችለት። በአገጯ ወደኔ እያመለከተች «ለዚህኛው ነው» አለችው። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

አዲሱ ሞተር ሻሸመኔ ከተጋጨች ታክሲ የወጣ ነው። የድሮውን ስናወርድ ቡሎኖቹ ዝገው አልላቀቅ አሉ። ጋሽ ሌዳሞ በነጭ ጋዝ እየነከረ፣ በሲዳምኛ እየተሳደበ፣ በአማርኛ ይቅርታ እየጠየቀ ፈታቸው። የሰፈር ጎረምሶች ቂጧን ብድግ ሲያደርጓት ያንተ ሞተር አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ወጣ። ባዶው ቦታ ልጇን ያወረደች እናት ጀርባ መሰለኝ። አንተ ብትኖር እንዲህ ትል ነበር ብዬ አሰብኩና ተናደድኩብህ። አዲሱ ሲገባ ጋሽ ሌዳሞ «አሮጊቷ በእርጅና ደግማ ወለደች» አለ፤ ጎረምሶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ አንተ አለመኖርህ ትዝ አለኝ።

ከበር አውጥተን ገፋናት። ተነሳች። እማዬ እጇ ሊጥ እንደነካው ወጥታ በሩን ተደግፋ አዳመጠች። ያንተን ሞተር ድምፅ ከሩቅ ለይታ ምሳ ታቀርብ እንደነበር ታስታውሳለህ። «የሱ አይደለም። የሱ ያስል ነበር» ብላ ተመልሳ ገባች። ከዚያ በኋላ ስትጠብቅህ አላየኋትም። ስታለቅስም አላየኋትም። የትኛው እንደሚከፋ አላውቅም።

ራዲያተሩ በደንብ ተበይዷል፤ አንድ ጎማ ቱቦ ግን ያንጠባጥባል። ጋሽ ሌዳሞ ውሃውን ደፍቶ ቱቦውን ቀየረ። ቁልቁለቱ ላይ አቁሟት፣ ከጎማዋ ስር ድንጋይ ጎስጉሶ «ነገ ውሃ ሙላና ትንሽ አስነሳት፤ እንዳትነዳ ግን፣ ሰማህ?» ብሎኝ ሄደ። በዚያው ከሰዓት እማዬ እህቷ ታማ ወደ ይርጋለም ተሳፈረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ብቻዬን ትታኝ የሄደችው። ስለ ምሳ፣ ስለ በር ቁልፍ፣ ቀበሌ ቢመጣ የት እንደምደበቅ ነገረችኝ። ስለ ጀሪካኑ ምንም አላለችም።

አልረሳህም። ግን ሊቀ መንበሩ እንዳለው አላስታውስህም፤ አልቃሿ እንዳለችውም አይደለም። ቀዩን መርፌ እያየህ የነዳኸውን፣ ካሚዮን ስር ቆመህ የሳቅከውን፣ ስለ ሞተር ብቻ መልእክት የላክኸውን ነው የማስታውሰው። ልጅ ብወልድ ሳሙና የት እንደማይለጠፍ አስተምረዋለሁ። ማን እንዳስተማረኝም እነግረዋለሁ።

ትናንት ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ቤት ውስጥ ነቃሁ። ያንተ አልጋ እንደተነጠፈ ነው፤ የእማዬም። ፊቴን ሳልታጠብ ጀሪካኑን ከራስጌዋ አወጣሁት። ውሃው አረንጓዴ ሆኗል። በነጠላ ቁራጭ አጥልዬ ራዲያተሩ ውስጥ ጨመርኩት። ለመኪናዋ ነበር የቀዳኸው፤ ለመጠበቂያ አይደለም። ጥቂት ጎደለና ከቧንቧ ሞላሁበት። ቧንቧው አጠገቤ ነበር። ጀሪካኑንም ሞልቼ ብመልሰው እማዬ አታውቅም። አልሞላሁትም። ስትመለስ እንድታየው አፉን ደፍቼ የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት።

ድንጋዩን አወጣሁ። አትንዳ ተብያለሁ፤ ግን ስታርተሩ አሁንም አይሠራም፤ የሚገፋልኝም የለም። በሹፌሩ በር በኩል፣ አንድ እጄን መሪው ላይ አድርጌ፣ ትከሻዬን ሰጥቼ ገፋኋት። መንከባለል ስትጀምር ሮጬ ዘለልኩ። ማርሽ አስገባሁ። ተነሳች። ቁልቁለቱ ግርጌ ቆሜ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ መርፌውን አየሁት። ወደ ቀዩ አልሄደም።

ቀና ስል የጎኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ለካ ከመግፋቴ በፊት እንደ ልማዳችን ከፍቼው ኖሯል። ወርጄ ዘጋሁት።