የሳጥኑ ቋጠሮ

ጅማ፣ ሄርማታ
ጥቅምት መግቢያ፣ ማክሰኞ

ይድረስ ለሚዜዬ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ክረምቱ እንዴት አለፈልህ? ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ? እናትህስ ደህና ናቸው? ባለፈው ጁምዓ ከሩቅ አየኋቸው፤ ምርኩዝ ይዘዋል። ሄጄ እጃቸውን መሳም ነበረብኝ፣ አልሄድኩም። ከሄድኩ ስለ አንተ ይጠይቁኛል፣ እኔ ደግሞ እሳቸውን መዋሸት አልችልበትም። ሰላምታዬን አንተው አድርስልኝ።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ረይሃና ሰላም ናት። ልጃችን ፊርዶስም ጌራ፣ ጪራ ከተማ ማስተማር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን ያዘች። ሰኞ ትሄዳለች፣ ዓርብ በተገኘው የጭነት መኪና እስከ አጋሮ ትወርድና ወደ ቤት ትመጣለች።

ስልክ መደወል እችል ነበር። ግን ስልክ ላይ አንተ ቀልድ ታስገባለህ፣ እኔም እንደ ልማዴ እስቃለሁ፣ ነገሩም ይቀራል። ስለዚህ ጻፍኩ። ወረቀት ግማሹን አንብበህ፣ አጥፈህ ኪስህ የምትከት ሰው መሆንህን አልረሳሁም። በሠርጌ ዋዜማ የሰጠሁህን የእንግዳ ዝርዝር ግማሹን አንብበህ የአጋሮ ዘመዶቼን መንገድ ላይ አስቀርተሃቸዋል። ቢሆንም ጻፍኩ።

ጉዳዩ የመኪናዋ ነው።

አምና በዚህ ወር ከጌራ ተነሥቼ አጋሮ አጠገብ እስካለው ማጠቢያ ጣቢያ ድረስ እሸት ቡና የምጭነው እኔ ነበርኩ። ከእኔ የተረፈውን አንተ በመኪናህ ትጭን ነበር። እሸት እንደ ደረቅ ቡና አይጠብቅም። በተለቀመበት ቀን ማጠቢያ ካልደረሰ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀበልህ የለም። ይህን ለአንተ መንገር አያስፈልግም ነበር፤ በቅደም ተከተል ልጽፈው ስለፈለግሁ ነው።

መኪናዬ መጀመሪያ የቆመችው ትልቁ ዳገት አጋማሽ ላይ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነበርኩ። እንግዳ ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ። ነዳጁን ብረግጠው ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ እሷ ግን ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው እየዘገየች ሄደችና ጸጥ አለች። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ምንም የለም። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቼ ቁልፉን ባዞር ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሣች። ከዚያ ቀን በኋላ ይህ ልማዷ ሆነ። ሜዳ ላይ አንድም ቀን አላስቸገረችኝም። ባዶዋን ዳገት ትወጣለች። ጭነት ይዛ ዳገት ስትጀምር ብቻ ጉልበቷ ይከዳታል።

ፊልትሮ ቀየርኩ። ኖዝል አስጠረግሁ። ፖምፓ አስፈትቼ መልሼ አስገጠምኩ። ቦሳ አዲስ ሰፈር ያለ አንድ መካኒክ ሞተሩ ይውረድ አለኝ። ሌላው ናፍጣው ውስጥ ውኃ ገብቷል አለ። ሦስተኛው ጭንቅላቱን ነቅንቆ «ይሄ ዓይን ነው» አለኝ። ስቄበት ወጣሁ። ከሦስቱ ለእውነቱ የቀረበው እሱ ነበር።

አንተ ሁልጊዜ ከኋላዬ ትደርስ ነበር። ጆንያዎቹን ከእኔ መኪና ወደ አንተ ስናዛውር እጅጌህን ሰብስበህ አብረህ ትሸከማለህ። «አይዞህ፣ ብረት ነው፣ እሱም እንደ ሰው ይታመማል» ትለኛለህ። ለጫኞቹ ሻይ ትጋብዛለህ። ጫኞቹ መኪናዋን «ቱሉ ሶዳቱ» አሏት፤ ጋራ ፈሪ። ስሙ ከእሷ ወደ እኔ ለመዛወር ሳምንት አልፈጀበትም። አጋሮ ገበያ መካከል አንዱ «ጋራ ፈሪው መጣ!» ሲል ዘወር ስል፣ ከሚስቁት መካከል አንተም ነበርክ። ቶሎ ብለህ በሳል ሸፈንከው። እኔም ሳል ነው ብዬ አለፍኩት።

ኅዳር ላይ ረይሃና ፊርዶስን ልትጠይቅ ጪራ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ከእኔ ጋር ነው የወረደችው። ጋቢናው ከፍ ይላልና እጇን ይዘህ ያሳፈርካት አንተ ነህ። «ሙሽሪትን ቀስ አድርገህ ውሰድልኝ» ብለኸኝ በሩን ዘጋህላት። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላም ሙሽሪት ስትላት ደስ ይላት ነበር።

ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጠፋ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑም ይደነድናል፤ የእጅ ፍሬኑ ደግሞ ያን ሁሉ ጭነት አልያዘም። ወደ ኋላ ሃያ ሜትር ያህል ተንሸራተትን። ረይሃና አልጮኸችም። ክንዴን ይዛ ሸሃዳዋን ትል ነበር። የኋላው ጎማ የመንገዱ ቦይ ውስጥ ገብቶ አቆመን። ከቦዩ ማዶ ያለውን ገደል ታውቀዋለህ። መኪናዋ ከቦዩ ሳትወጣ መሸ፣ እሸቱ በሙሉ ተበላሸ። ከዚያ ወዲያ ማጠቢያ ጣቢያው እኔን አልጠራም። አንተን ጠራ።

ጥር ላይ አወቱ መንደራ ሰፈር ወዳለው ወደ ጀቤሳ ጋራዥ ወሰድኳት። ሽማግሌው ጀቤሳ ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። ቁጭ ብሎ ሁሉንም አስወራኝ። መቼ ትቆማለች፣ ስንት ደቂቃ ትቆያለች፣ ከዚያስ። ስጨርስ «ማሎ ኦቦሌሳ፣ እባክህ ወንድሜ፣ የታመመ ሞተር ሩብ ሰዓት ተኝቶ አይድንም። የሚተኛው ሌላ ነገር ነው። ታንኩን እናውርድ» አለኝ።

ከነዳጅ ታንኩ የወጣው አንድ የቡና ናሙና ላስቲክ ነው። ወደ ታች እንዲሰምጥ ዐሥራ አንድ ፍሬ ደረቅ ቡና ተደርጎበታል። ከቋጠሮው በላይ ትርፉ ላስቲክ እንደ ቀሚስ ተዘርግቷል። ሞተሩ ዳገት ላይ ብዙ ናፍጣ ሲስብ ያ ቀሚስ ተጎትቶ የመሳቢያው ቱቦ አፍ ላይ ይለጠፋል። ሞተሩ ሲጠፋ ይለቅና ቀስ ብሎ ወደ ታች ይተኛል። ሩብ ሰዓት።

የናሙና ላስቲክ በዚህ አገር የማን ቤት ይጠፋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን ቋጠሮው ነበር። አጋሮ መጋዘን ናሙና አውጪ ሳለህ የተማርከው፣ አንገቱ ሁለቴ ታጥፎ በአውራ ጣት የሚመለሰውና በራሱ ውስጥ አልፎ የሚጠብቀው። ካልተቆረጠ አይፈታም። «ናሙናው ውስጥ ማንም እጁን እንዳላስገባ መተማመኛው ይሄ ነው» ብለህ ለእኔም ልታስተምረኝ ሞክረህ ነበር፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ እንጂ።

ላስቲኩን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቤት ወሰድኩ። ለረይሃና ምንም ሳልነግራት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አንዴ አየችውና «ይሄ የሳጥኔ ቋጠሮ አይደል እንዴ?» አለች።

ትዝ ይልሃል? የሠርጋችን ዕለት ሳጥኗ ከመኪናው ላይ እንዳይወድቅ በገመድ ያሰርከው አንተ ነህ። ቤት ስንደርስ የሚፈታው ጠፋ። አክስቶቿ በጥርሳቸው ሳይቀር ሞከሩ። አንተ በሩ ላይ ቆመህ «ሚዜው ያሰረውን ሚዜው ብቻ ነው የሚፈታው!» እያልክ ትፎክራለህ። በመጨረሻ ሙሽራዋ ራሷ ተነሥታ በቢላ ቆረጠችው፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሄርማታ ውስጥ ሰው ሁሉ «ሚዜው» እያለ ይጠራህ ጀመር፤ የገዛ ስምህን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ያን የተቆረጠ ገመድ ረይሃና ከነቋጠሮው ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣው ኖራለች። አውጥታ ከላስቲኩ ጎን አኖረችው። 

ያጋለጠህ የገዛ እጅህ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እንደ ነገሩ አስሮ ይጥለው ነበር። አንተ ግን ለተንኮልም ቢሆን ቋጠሮ ማበላሸት አልሆነልህም።

ያኔውኑ መምጣት እችል ነበር። ሽማግሌ ልጠራብህም እችል ነበር። ሽማግሌ ፊት ታለቅሳለህ፣ እነሱ «ሚዜህ ነው፣ ለአላህ ብለህ» ይሉኛል፣ እኔም ይቅር እላለሁ፣ ከዚያ ምሳ እንበላለን። ያን ምሳ መብላት አልፈለግሁም። ዝም አልኩ።

ሐምሌ ላይ ደላላው ሸኩር መጣ። «ገዢ አለ፣ ስሙ ግን አሁን እንዲነሣ አይፈልግም» አለኝ። እያወራን ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠራ። ሁለቱንም ጊዜ ፊቱን አዙሮ «እሺ ሚዜው፣ እሺ» አለ። ሸኩር ደግ ሰው ነው፣ ግን ምስጢር አይችልም። መኪናዋን ያስቆምካት ጭነቴን ልትወስድ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሷንም ትፈልጋታለህ። ከእኔ ጋር የሚጭን ስላልነበረ ሸጥኩልህ። ውሉ ላይ «ገዢ መኪናዋን ካለችበት ሁኔታ ጋር ተረክቧል» የሚል አለበት። እንደማታነበው አውቅ ነበር።

ኡመይር፣ አሁን መኪናዋን የሚነዳልህ የእህትህ ልጅ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ለፊርዶስ የነገራትን በክፉ አትይበት፣ እየሳቀ ነው ያወራላት። በተረከብክ ማግስት ባትሪ ይዘህ የታንኩን አፍ በሽቦ ስትቆረቁር ዋልክ አሉ። ምን ሆነህ ነው ሲልህ ቁልፍ ጣልኩ አልከው። ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ሲንቃጨል ይሰማው ነበር።

አታገኘውም። ላስቲክህን ለጀቤሳ መልሼለት ጋራዡ በር ላይ፣ ምስማር ላይ ሰቅሎታል። ምንድን ነው ሲሉት «ባለቤቱ እስኪመጣ ነው» ይላል። የማን እንደሆነ አልነገርኩትም። ግን ቡና ነጋዴው ሁሉ መኪናውን የሚያሠራው እዚያ ነው፣ እነሱ ደግሞ ቋጠሮ አይተው የማን እጅ እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መኪናዋን ላስረክብህ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ታንኩን እንደገና አወረድኩት። አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት፣ መልሼ ገጠምኩት። ብቻዬን፣ በሩን ዘግቼ። ከጥር ጀምሮ ደግሞ ረይሃና የሰጠችኝን ገመድ እያየሁ ያን ቋጠሮ ስለማመድ ነበር። አሁን እጄ ታዞልኛል። ይህች ደብዳቤ የታሰረችበትን ክር ልብ ብለህ አይተኸው እንደሆነ፣ ያው ቋጠሮ ነው፤ ሳትቆርጠው አልከፈትካትም።

ታንኩ ውስጥ ምን እንዳለ ወይም እንደሌለ አልጽፍልህም። ማወቅ ከፈለግህ ማስወረድ አለብህ። አንተ ከታንኩ አፍ ወዲያ መኪና አታውቅም፣ ስለዚህ መካኒክ ትጠራለህ። መካኒኩ «ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቀን ያልቆመች መኪና ታንኳ ለምን ይወርዳል?» ይልሃል። ላስቲክ ሊኖርበት ይችላል ትለዋለህ። «እንዴት አወቅህ?» ይልሃል። ሚዜዬ፣ ከእኔ የገዛኸው ያቺን ጥያቄ ነው።

ወይም አትጠይቅም። የዘንድሮው የመጀመሪያ እሸት ዓርብ ከጌራ እንደሚወርድ ሰምቻለሁ፤ ጭነቱም ያንተ ነው። መኪናዋን አቁመህ ጭነቱን ለሌላ ትለቃለህ፣ ወይም ኡመይርን አሳፍረህ በሩን ትዘጋለታለህ። በር መዝጋት ታውቅበታለህ። ትልቁ ዳገት በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ታውቃለህ። እዚያ ስልክ አይሠራም። አጋሮ ሻይ ቤት ቁጭ ብለህ፣ ሻይህ እየቀዘቀዘ፣ ወደ መንገዱ እያየህ ትጠብቃለህ። እኔ ያን ዳገት ሁለት ወር ሙሉ ከመሪው ጀርባ ሆኜ ኖሬዋለሁ። አንተ ወንበር ላይ ሆነህ ኑረው። ዓርብ ብቻ አይደለም፤ ወቅቱ እስኪያልቅ ድረስ።

እዚህ ድረስ ካነበብክ ይበቃሃል፤ እንደ ልማድህ አጥፈህ ኪስህ ክተታት።

አላህ ለእናትህ ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። ወገብህን ያሽርልህ። ኡመይርን በወጣበት በገባበት ይጠብቅልህ፣ የሰው ልጅ ነውና። ረይሃና ሰላም ብላሃለች ብዬ አልዋሽህም።

ወሰላሙ ዓለይኩም።

ሙሽራህ

እንዳልረሳው፦ ፊርዶስ ዓርብ ከጪራ የምትወርደው ከኡመይር ጋር ነው፤ እኔው ነኝ በመኪናዋ ነይ ያልኳት። ጋቢና ውስጥ፣ እናቷ ተቀምጣበት በነበረው ቦታ፣ መስኮቱ ዳር እንዲያስቀምጣት ንገርልኝ።