ስሜነሽን ዝም አታሰኛት

ላሊበላ፣ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለኢያቄም ወልደ ኪዳን
አዲስ አበባ

ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል? እኔ በላሊበላ አምላክ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የሚያሰጋ ነገር የለኝም። የላክልኝ የግፊት መድኃኒትም ደርሶኛል። ይህን ያስቀደምኩት ከዚህ በታች ያለውን ስታነብ "እናቴን ምን ነካት፣ አሟታል እንዴ?" እንዳትል ነው። አላመመኝም። ተናድጄ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ፣ እኔ ስቆጣ አንተ "ኔትወርኩ ተቆራረጠ እማዬ" ትላለህ። ወረቀት አይቆራረጥም፤ ቁጭ ብለህ ታነበዋለህ።

ትናንት የጽዮን ዕለት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ገብቼ ልምምዳችሁን አየሁት። የጎረቤታችን የሸጌ ልጅ ንጋት ናት "ለገና የምናሳየው የጋሽ ወልደ ኪዳንን ቴአትር ነው፤ ኢያቄም አድሶታል፤ ይምጡና ይመርቁን" ብላ እጄን ይዛ የወሰደችኝ። እኔም ለመመረቅ ነበር የሄድኩት፤ ነጠላዬን እንኳ አጥቤ ነበር። "አዘጋጁስ የታለ?" ብል የውሃ ጠርሙስ ተደግፎ ወንበር ላይ የቆመ ስልክ አሳዩኝ። ኢያቄም ማለት እሱ ነው! ሌላ ጊዜ ከዚያ ውስጥ ሆነህ "ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ" ትላቸዋለህ አሉ። ትናንት መስመሩ ስላልሠራ እሱም ጨልሞ ቆሞ ነበር። ሰው የአባቱን ቴአትር በጠርሙስ ተደግፎ ያዘጋጃል? እስቲ አሁን ይህ ምን ይባላል?

መጋረጃው ተከፈተ። ጭቃ ሹሙ ወጣ። አባትህ "የአውጫጭኙ ዕለት"ን ሲጽፍ የጭቃ ሹሙን የመጀመሪያ ንግግር ስንት ጊዜ ቀዶ እንደጣለው እኔ አውቃለሁ፤ የመለማመጃውን ወለል የጠረግሁት እኔ ነኝ። ያንተ ጭቃ ሹም ምን አለ? "ነፍ ሰው ተሰብስቧል። ያየ ያውራ፣ ያላየ ላሽ ይበል።" ላሽ ይበል! ሁለት የላስታ ገበሬዎች በሬ እየነዱ ገብተው "ጀለስ" ተባባሉ። ሽማግሌውን "ሼባው" አሏቸው። ያቺ የተከበረች ስሜነሽ ደግሞ ጭቃ ሹሙን ፊት ለፊት "አንተ" አለችው። እዚህ አገር የራሳችንን ታላቅ ወንድም እንኳ አንቱ እያልን ነው ያደግነው። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ከፊት ወንበር ላይ ዱላዬን ጨብጬ ተቀመጥኩ።

ይኸውልህ፣ "እማዬ፣ እንዲህ የሚያወራ ሰው አሁን የለም፣ ልጆቹ አይገባቸውም" ማለትህን ንጋት ነግራኛለች። አሁን የለም? ያኔስ ማን ነበር? እኛ ገበያ ወርደን ጨው የምንገዛው በግጥም ነበር? አባትህ "ሽሮው ጨው በዝቶበታል" ሲለኝ ቤት እየመታ ነበር? በቀን አሥር ቃል የማይወጣው ሰው! መድረክ ላይ እንደዚያ የተጻፈው እኮ ሰው በቤቱ የማይናገረውን እዚያ ቆሞ እንዲናገርለት ነው። ቀላሉን ንግግርማ እቤታችንም ሞልቶናል።

አውቃለሁ፣ አሁን አያትህን ታመጣብኛለህ። ታሪኩን የነገርኩህ እኔው ነኝና በራሴ ጦር ልትወጋኝ ነው። እሺ፣ እውነት ነው፤ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ልጃቸው ግእዝ ቅኔ ይዘርፋል ብለው ሲጠብቁ የአማርኛ ቴአትር ይዞ ሲመጣ "ይህን የገበያ ቋንቋ ቤቴ እንዳታስገባብኝ" ብለዋል። አዝማሪም ብለውታል። የስሜነሽን ቦታ እኔ፣ አንዲት ልጃገረድ፣ ልጫወተው መሆኑን ሲሰሙማ ጭራሽ አይነሳ። ያም ሆኖ በዕለቱ መጡ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በሩ አጠገብ ቆሙ። ለመቀመጥ እንኳ አልፈቀዱም። እኔ የስሜነሽን ንግግር ስጨርስ፣ ከዚያ ከበሩ በኩል አንዲት ቃል መጣች፦ "ይበል።" ቅኔ ማኅሌት ውስጥ የተዋጣ ቅኔ ሲሰሙ የሚሏት ናት፤ ለሌላ ነገር አያወጧትም። ከዚያ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ። ስለ ቴአትሩ እስኪሞቱ ድረስ ሌላ አልተናገሩም። አባትህ ግን በዚያች ቃል ዕድሜውን ሙሉ ኖረባት። አየህ፣ አያትህ ተቆጡ እንጂ ሰምተው ነው የፈረዱት። አንተ ምኑን ሰማህና ቆረጥከው?

አዎ፣ ወደ ቆረጥከው ልምጣ። ላሽ ይበሉን፣ ጀለሱን፣ ሼባውን ሁሉ እችለው ነበር። ጥርሴን ነክሼ እስከ መጨረሻው ጠበቅሁ፤ ስሜነሽ ትናገራለች ብዬ። ምናልባት ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። የሙት ሚስት ናት፤ ያለቻት አንድ ላም ናት፤ ላሟ ትሰረቃለች። አውጫጭኝ ይጠራል። አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ይወጣል፤ ነገሩ ካልወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ላሟን የነዳት የጭቃ ሹሙ ወንድም መሆኑን ሁሉም አይቷል፤ ሁሉም ተራ በተራ "አላየሁም" ብሎ ይምላል። በመጨረሻ እሷ ትነሳለች።

ያንተ ስሜነሽ፣ ንጋት፣ ተነሳች። መብራቱ ደበዘዘ። ዋሽንት ተነፋ። ሰዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች።

አለቀ! መጋረጃ!

ኢያቄም፣ እኔ መነሳቴን አላወቅሁትም። "ንግግሩስ? የት አደረጋችሁት?" ብዬ ስጮህ ነው ራሴን የሰማሁት።

"ቲቸር የሺ፣ ቆርጦታል እኮ" አለች ንጋት ከመድረኩ ወርዳ። "ዝምታው የበለጠ ይናገራል ብሎን ነው።"

"ዝምታ የሚናገር ቢሆንማ አውጫጭኝ ለምን ይጠራ ነበር?"

ዋሽንት የሚነፋውን ልጅ "አንተ ደግሞ አስቀምጠው ያን!" አልኩትና በቆምኩበት ጀመርኩ፦

"ላሜ ስትታለብ፣ ወተቷ ለሁሉ፤
ሌባ ሲመጣባት፣ 'አላየንም' አሉ።
ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ እኔ ግን አያለሁ፤
ዝም ብዬ ከምከብር፣ ተናግሬ አንሳለሁ።"

እስከ መጨረሻው አልኩት፤ አንድ ቃል አልሳትኩም። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ አንዱም በስልኩ ቀረጸኝ። ጭብጨባው ምን ዓይነት እንደነበር ታውቃለህ? አሮጊት ዳገት ስትወጣ "ጎበዝ እማማ" እንደሚሏት ዓይነት። ይህ ነው ይበልጥ ያበገነኝ።

ንጋት ብቻ አላጨበጨበችም። "በጣም ያምራል" አለችኝ። "ግን እኔ ስለው ከአፌ የሚወጡት እርስዎ ነዎት። እኔ አልወጣም። ሞክሬዋለሁ ቲቸር፣ በማርያም፣ ብቻዬን ቤት ዘግቼ ሞክሬዋለሁ።"

"እንግዲያው በራስሽ አፍ በይዋ!" አልኳት። ይህን ያልኩት ላሳፍራት ነው፤ አልዋሽህም። ሁለት ቃል ብላ ስትንተባተብ "አየሽ፣ የናንተ ቋንቋ ለዚህ አይሆንም" ልላት አሰፍስፌ ነበር።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና ወደ መድረኩ ተመለሰች። እናቷ ሸጌ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ልጇን እራት ልትጠራ መጥታ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስብልኝ። በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ እነሸጌ ሸሽተው ሳሉ ቤታቸው ሲራቆት ማን ምን ተሸክሞ እንደወጣ ሰፈሩ ያውቃል። የማን ቤት አልጋቸው እንዳለ፣ የልብስ ስፌት መኪናቸው በማን መስኮት በኩል ሲንኳኳ እንደሚሰማ ይታወቃል። እስከ ዛሬ ግን መልሱ "አላየንም" ነው። በቤተ ክርስቲያን ሰላም እንባባላለን፤ በለቅሶ ጎን ለጎን እንቀመጣለን።

ንጋት ጭቃ ሹሙን አየችው፤ ከዚያ ወደኛ ዞረች።

"እናንተም አይታችኋል" አለች። አልጮኸችም። "ሁላችሁም አይታችኋል። ወተቷን ስትጠጡ ስሟን ታውቁት ነበር። ዛሬ መልኳ ጠፋባችሁ? እሺ። አላየንም በሉ። እኔ ግን ልናገር ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሰላም ባትሉኝም ልናገር ነው።"

ቤት አልመታም። ስንኝ የለውም። ማንም ልጅ ቧንቧ ላይ ቆሞ ሊለው የሚችል ንግግር ነው። ሸጌ ግን በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ቀረች። እኔም ልተቻት አፌን ስከፍት፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ "ይበል" የሚል ቃል ወጣኝ።

እኔ! ስሜነሽን የተጫወትኩት እኔ!

እስከ ቤቴ ድረስ ራሴን ስሳደብ መጣሁ። ደግሞ አንተ ይህን አንብበህ "አላልኩሽም?" ብለህ እንዳትኩራራ። የጻፍከው አንተ አይደለህም። ንጋት ናት። ያንተ ድርሰት ዋሽንቱ ነው።

ስለዚህ የምልህን ስማ። ቋንቋውን ለውጠው፤ መለወጡ ካልቀረ በሚገባ ለውጠው። ጭቃ ሹሙን አንቱ በሉት፤ ጀለስ የሚባለውንም አውጣልኝ፤ እዚህ የሚሰማህ ሰው አታፍርም? የቀረውን እናንተ እንደምታወሩት አድርጉት። የአባትህ ስንኞች እኔ ጋ አሉ፤ የፈለገ መጥቶ ይጠይቀኛል። ስሜነሽን ግን ዝም አታሰኛት። ንጋት ትናገር። ይህን ካላደረግህ የአባትህን ስም ከቴአትሩ ላይ አንሳ፤ እኔም በገና ቀን በሩ ላይ ቆሜ ለሚገባው ሰው ሁሉ ንግግሩን እየነገርኩ አስገባለሁ። እንደማደርገው ታውቃለህ።

ደግሞ ያንን ዝምታ ከየት እንዳመጣኸው ገብቶኛል። አያትህ በዕድሜ ልካቸው አንዲት ቃል ለልጃቸው ሰጡ። አባትህ አብረን ስንኖር "እወድሻለሁ" ብሎኝ አያውቅም፤ በዚያ ንግግር ውስጥ ግን ድፍረት ሰጥቶ፣ ክብር ሰጥቶ፣ አገር ፊት አቆመኝ። ለዚህ ነው ሲቆረጥ የጮኽኩት፤ ያለኝ የፍቅር ቃል እሱ ብቻ ነው። አንተ ደግሞ አለህ። አባትህ ሲሞት መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ሳትቀብረው ቀረህ፤ አልፈርድብህም፤ ማንም አልፈረደብህም። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ እሱ አንድ ቃል ከአፍህ አልወጣም። ስንደዋወል ስለ መድኃኒቴ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ዘይት ዋጋ ነው። አንድ ጊዜ ስሙን ሳነሳ "እማዬ ሰው እየጠራኝ ነው" ብለህ ዘጋኸው። ማን ነበር የጠራህ?

መንገዱ አሁን ተከፍቷል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ጋሸና ላይ ሲወርድ የላሊበላ መኪና ቆሞ ያገኛል፤ የሸጌ ወንድም ባለፈው ሳምንት እንዲያ ነው የመጣው። ክፍልህ እንዳለ ነው፤ መስኮቱን አስጠግኜዋለሁ። መቃብሩ ላይ ድንጋይ አስነጥፌያለሁ፤ ጽሑፍ ግን አላስጻፍኩበትም፤ ምን እንደሚጻፍ የሚያውቅ ሰው እየጠበቅሁ።

ልጄ፣ የአባትህ አምላክ በወጣህ በገባህ ይከተልህ። ቃልህን ያስምርልህ፤ የሚሰማህ አያሳጣህ። ከክፉ ሰውም ከክፉ ቀንም ይሰውርህ።

አውጫጭኝ ላይ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም ብዬሃለሁ። ሁላችንም ተናግረናል፤ የቀረኸው አንተ ነህ። እኔ አሁንም ሜዳው ላይ ነኝ።

እናትህ
የሺሃረግ