ለመስተንግዶ የተሰጠን የምስክር ወረቀት ስለመመለስ

ለተከበሩ ዶክተር ገብረአማኑኤል ትንሳኤ
የኮሌጁ ዲን
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የጣፈጠ፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው የተመቸ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። በምረቃው ዕለት ከመድረክ ላይ ያጨበጨቡባቸው እጆችዎም እስካሁን ድካማቸው እንደወጣላቸው ተስፋ አደርጋለሁ፤ ብዙ አጨብጭበው ነበርና። የኮሌጁን ስም ያልጻፍኩት በትሕትና ነው። በሩ ላይ ያሰቀሉት ሰሌዳ ከሩቅ ስለሚታይ የእኔ ተጨማሪ ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

አስናቀች ኤርካሎ እባላለሁ። በዚሁ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። እርስዎ የሚያውቁኝ ግን የወንድሜ የቦልቴ ልጅ የብሩክታይት አክስት መሆኔን ነው። ብሩክታይት በነርሲንግ ትምህርት ክፍል ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አንደኛ ስትወጣ ቆይታ በመጨረሻው ቀን ሁለተኛ ሆና የተመረቀችው ልጅ ናት። አንደኛ የወጣ ተመራቂ ረዳት መምህር ሆኖ እዚያው ኮሌጁ ውስጥ እንደሚቀር እርስዎ ራስዎ ያወጡት ደንብ ስለሆነ፣ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትመኘው ማስተማርን ብቻ ነው። ገጠር ጉኑኖ እያለች ታናናሾቿን አስቀምጣ በአባቷ ቤት ግድግዳ ላይ በከሰል እየጻፈች ታስተምር ነበር፤ በልጅነቷ የተገረፈችውም ለዚያ ብቻ ነው።

ቅሬታዬን በግንባር ለማቅረብ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን እጅግ በሚያስመሰግን ትሕትና ነግራኛለች። ለሰው ሁሉ በሚታይ ደብዳቤ መጻፌም ጊዜዎን ላለመሻማት ስል ነው።

አንደኛ፣ «ፅኑዓን የወንድማማች ማኅበር» የተባለውን የተማሪዎች ስብስብ ይመለከታል። ከዘንድሮ የትምህርት ተሸላሚዎች አብዛኞቹ የማኅበሩ አባላት መሆናቸውን በንግግርዎ አብስረውን፣ ማኅበሩ «የልህቀት መፍለቂያ» መሆኑን ነግረውናል። ደስ ብሎን ነበር። ይሁን እንጂ ማኅበሩ አባል የሚመለምለው በሁለተኛው ዓመት ማለቂያ ላይ፣ ውጤት ተለጥፎ፣ ጎበዙና ሰነፉ ከተለየ በኋላ ነው። ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ዋዜማ ገበያ ወጥቶ የደለበ በሬ እየጎተተ የሚገባ ሰው፣ ያደለብኩት እኔ ነኝ ቢል በእኛ አገር ልጆች እንኳ ይስቁበታል። እርስዎ ሰርተፊኬት ይሰጡታል። ደግሞ ከምልመላው በኋላ የአንዳንዶቹ ውጤት ማሽቆልቆሉን ስለማውቅ፣ ማኅበሩ በአባላቱ ላይ ያደረሰው ነገር ካለ ይህንንም ጨምረው ቢሸልሙት ፍትሐዊ ይሆን ነበር።

ሁለተኛ፣ የአመራር ሽልማቱን በተመለከተ የተሰማኝን አድናቆት መግለጽ ያቅተኛል። ዘንድሮ ባወጡት አዲስ መመሪያ መሠረት የአንድ ተመራቂ ደረጃ የሚወሰነው በትምህርት ውጤቱ ብቻ ሳይሆን «የአመራር ብቃት» በሚባል ነጥብ ጭምር ነው። ነጥቡን የሚሰጠው የፅኑዓን ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ነው። የሥራ አስፈጻሚው ሰብሳቢ ተማሪ ዘላለም ነው። ሙሉውን ነጥብ ያገኘው ብቸኛ ተመራቂም፣ እግዚአብሔር ሥራው ድንቅ ነው፣ ተማሪ ዘላለም ነው። ብሩክታይት ያገኘችው ዜሮ ነው።

ዘላለም የተሸለመበት ትልቁ ሥራ የጊፋታ በዓል ቅርጫ መሆኑን በክብር መዝገቡ ሲነበብ ሰምተናል። እኔም በዚያ ዕለት ስለተጋበዝኩ ምስክርነቴን በነጻ እሰጣለሁ። በሬው ከገሱባ ገበያ ተገዝቶ በዚያ አጥንት በሚሰብር መንገድ በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ ዘላለም ጋቢና ተቀምጦ ነበር፤ ይህ በመዝገቡ ላይ «የሎጂስቲክስ አመራር» ተብሏል። በሬው ታረደ፣ ሥጋው ኮባ ላይ በመደብ በመደብ ተቀመጠ። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ከተማ ስላደጉ ያልደረሱበት ነገር ሊኖር ስለሚችል ላስታውስዎ። በቅርጫ ሥርዓት ሥጋውን የመደበ ሰው ዕጣውን አይጥልም። ዕጣ የሚጥለው መደቡን ያላየ ሰው ነው፤ ፊቱን አዙሮ ይቆምና የእያንዳንዱን ሰው ምልክት እየተቀበለ ይጥላል። ይህን ሥርዓት ፊደል ያልቆጠሩት አባቶቻችን ያቆሙት ሰው ክፉ ነው ብለው ሳይሆን፣ ሻኛ ፊት የቆመ ሰው እጁ ወዴት እንደሚሄድ ስለሚያውቁ ነው። ዘላለም ግን ሥጋውንም መደበ፣ ዕጣውንም ጣለ። ሻኛውና ጮማው በሙሉ ለሥራ አስፈጻሚው ደረሰ። ለሌሎቹ ተማሪዎች የደረሳቸውን አጥንት አይቼ እኔ በእነሱ ፋንታ አፈርኩ። ያን ዕለት አንድ ሰው አቁሞ ቢመክረው ኖሮ የአመራር ነጥቡን በዚያው እጁ አይመድበውም ነበር ብዬ አስባለሁ። አቁሞ ሊመክረው የሚገባው ሰው ከፊት ወንበር ተቀምጦ የቀረበለትን ሻኛ በዳጣ ያጣጥም ስለነበር አልፈርድበትም፤ አፉ ሙሉ ነበር።

ሦስተኛ፣ ብሩክታይት ዜሮ ያገኘችው የማኅበሩ አባል ስላልሆነች ነው። አባል ያልሆነችው ደግሞ ማኅበሩ የወንድማማች ስለሆነ ነው። ማመልከቻ አስገብታ ነበር። የእህትማማች ቅርንጫፍ ወደፊት እንደሚቋቋም፣ እስከዚያው ግን ለበዓሉ ወጥ ቤት ብታግዝ በደስታ እንደሚቀበሏት ነገሯት። ልጅቷ ነገር አታከርም፤ ገብታ የበዓሉን ምግብ፣ ሙቿውን አማሰለች። በዚያው ዓመት ከሰዓት ከሰዓት የመድኃኒት መጠን ስሌት የከበዳቸውን ልጆች ሰብስባ ስታስጠና፣ ከፊት የሚቀመጡት ፅኑዓኑ ነበሩ፤ ዘላለምም አንዱ ነበር። ሰው ሰብስቦ ማስጠናት አመራር ካልሆነና ጋቢና መቀመጥ አመራር ከሆነ፣ የሶዶ ሾፌሮች ሁሉ ሜዳሊያ ይገባቸዋል።

አራተኛው ስለ ምረቃው ቀን ነው፤ እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢያጥረኝ በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ወንድሜ ቦልቴ ገበሬ ነው። ከጉኑኖ በሌሊት ተነስቶ፣ የተበደረውን ኮት ለብሶ፣ አዳራሹ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። አማርኛ ብዙ ስለማይሰማ የሚባለውን በጆሮው እተረጉምለት ነበር። ዘላለም የአንደኝነቱን ሜዳሊያ ካጠለቀ በኋላ ማይኩን ያዘና ምስጋና ማቅረብ ጀመረ። ፈጣሪን፣ እርስዎን፣ ወንድሞቹን አመሰገነ። በመጨረሻም፣ ልጁ በዚህስ አይታማም፣ ብሩክታይትን በስሟ ጠርቶ እንዲህ አለ፦ «እህታችን ብሩክታይት ባታስጠናን ኖሮ ማናችንም የመውጫ ፈተናውን አናልፍም ነበር።» አዳራሹ አጨበጨበ። እርስዎም አጨበጨቡ። ሜዳሊያ ያጠለቀው ልጅ ያስተማረችኝ እሷ ናት እያለ፣ ሜዳሊያውን ያጠለቁለት ዲን ቆመው ሲያጨበጭቡ፣ ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳ «ታዲያ ለምን?» አላለም። ይህን ያህል ሰው በአንድ አዳራሽ ውስጥ እውነትን ሰምቶ ሳይደነግጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ብሩክታይትን መድረክ ላይ ጠርተው በእጅዎ የምስክር ወረቀት ሰጧት። ማኅተምዎ ያረፈበት ያ ወረቀት እንደሚለው የተሰጣት «በጊፋታ በዓል ላይ ላሳየችው የላቀ መስተንግዶ» ነው።

ቦልቴ ወረቀቱ ምን እንደሚል ጠየቀኝ። በማስተማር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ቃሉ ጠፍቶኝ አይደለም። መናገር አፈርኩ። ደግሞ ሲጠይቀኝ በወላይትኛ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ለዚህማ ለምን ላክኋት?» አለኝ። «ምግብ ማቅረብ ቤቷም ሆና ትችል ነበር።» ለፎቶ ሲጠሩት ኮቱን አውልቆ እጁ ላይ ይዞ ከአዳራሹ ወጣ። ኮሌጅዎን ይቅር ልል የምችልበት ነገር ቢኖር እንኳ ለዚያች ደቂቃ ይቅርታ የለኝም።

አምስተኛ፣ በዚህ ሁሉ ላይ ባለፈው ሳምንት ያደረጉልኝን የስልክ ጥሪ ማመስገን ይገባኛል። ቢሮዎ ለመግባት ስመላለስ ስብሰባ ላይ የነበሩት ክቡርነትዎ፣ ራስዎ ደውለው የቤተሰብ ደኅንነት ጠየቁኝ። ቀጥለውም አዲሱ ረዳት መምህር ዘላለም ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የመድኃኒት ስሌት እንዲያስተምር መመደቡን፣ ለትምህርት ጥራት ሲባልም ብሩክታይት የማስጠኛ ማስታወሻዎቿን ብትተባበረው መልካም እንደሆነ ገለጹልኝ። በመጨረሻም ትብብሯ በኮሌጁ ዘንድ እንደማይዘነጋ አረጋገጡልኝ። በዚህ አልጠራጠርም። ያለፈው ትብብሯ እንዴት እንዳልተዘነጋ በማኅተም የተረጋገጠ ማስረጃ ቤታችን አለ። ይህን ጥያቄ ሲያቀርቡ ድምፅዎ ትንሽ እንኳ አለመንቀጥቀጡን ስሰማ፣ የአመራር ብቃት የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ።

ስለዚህ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። የኮሌጅዎ ቦርድ አስቀድመው የመደቧቸውን የረዳት መምህራን ቅጥር ለማጽደቅ በወሩ መጨረሻ እንደሚሰበሰብ ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት ብሩክታይትና ዘላለም ተራ በተራ በአንድ ክፍል ተማሪዎች ፊት ይቁሙና አንዱን ምዕራፍ ያስተምሩ። ዱሮ እንዲህ ነበር የሚደረገው፤ የአመራር ነጥብ ሲመጣ ቀረ። እርስዎ ከኋላ ወንበር ይቀመጡ፣ የቦርዱ አባላትም ይምጡ፣ ተማሪዎቹ የማን ትምህርት እንደገባቸው ይናገሩ። ዘላለም ከበለጠ እኔ ራሴ ከአዳራሹ በር ላይ ቆሜ አጨበጭብለታለሁ፣ ይህንንም ደብዳቤ በለጠፍኩበት ግድግዳ ሁሉ እየዞርኩ እልጣለሁ። ብሩክታይት ከበለጠች ቦታዋን ይመልሱላት። ምስጋና አንፈልግም፤ ምስጋናዎን ቀምሰነዋል።

የመስተንግዶውን የምስክር ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። አባቷ ቤት ውስጥ እንዲሰቀል አልፈቀደም፤ የእኔም ግድግዳ አልተሸከመውም። ወረቀቱ ጥሩ ወረቀት ስለሆነ የልጅቷን ስም ሰርዘው ለሌላ ሰው ቢጠቀሙበት ቅር አይለንም። በዚያ ጊፋታ ከእርስዎ የበለጠ በደንብ የተስተናገደ ሰው ስላላየሁ በቅድሚያ ቢሮዎን እጠቁማለሁ።

የኮሌጅዎ ዝና እንዲሰፋ፣ ወንድማማችነቱ እንዲጸና፣ ሥራ አስፈጻሚውም ሻኛ እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ ከመቀመጫዬ ተነስቼ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ ዓይኔን ግን ከዓይንዎ ሳልነቅል እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ
አስናቀች ኤርካሎ

ግልባጭ፦
ለኮሌጁ ቦርድ፣ ስብሰባ ላይ ካልሆኑ
ለፅኑዓን የወንድማማች ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ፣ ማብራሪያ ካስፈለጋቸው በለመዱት ሰው በኩል

ማሳረጊያ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ልፈርም ስል ረዳት መምህርዎ ዘላለም ቅዳሜ ከሰዓት የቤቴን በር አንኳኳ። ደብዳቤውን ሊያስቆመኝ የመጣ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ወጣሁ። የመጣው ሰኞ ጠዋት የሚያስተምረው ምዕራፍ ስላልገባው ነው። ቀና ብሎ አላየኝም፤ እንደሚያፍር ሳይ ከእርስዎ ይልቅ ተስፋ እንዳለው ገባኝ። ልመልሰው ስል እኔ ጋ የምትኖረው ብሩክታይት ወንበር አወጣችለት። ወደ ጓዳ ስቤ የአባቷን ፊት ረስታው እንደሆነ ጠየቅኋት። ያልረሳችው መሆኑን ከዓይኗ አየሁ። «አክስቴ፣ ሰኞ ክፍል የሚገቡት ልጆች ምን በደሉ? ነገ ሰው በመርፌ የሚወጉት እኮ እነሱ ናቸው» አለችኝ። ከዚያ ወጥታ እስኪገባው ድረስ አስረዳችው። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ አንድ ቀን ታመው ሆስፒታል ቢተኙና ከኮሌጅዎ የተመረቀች ነርስ መርፌ ይዛ አልጋዎ አጠገብ ብትቆም አይስጉ፤ መጠኑን በትክክል ተምራዋለች። ማን እንዳስተማራት ግን አይጠይቋት፤ የምትነግርዎ የዘላለምን ስም ነው።