ጆከር የሚደርሰኝ እኔ፣ የምታሸንፊው አንቺ

ሸዋርካብሽ፣

ቀበሌ ስብሰባ ተጠርቼ ወጥቻለሁ። ቦኖው ሳይዘጋ ውሃ ቅጂ። ምስሩን ለቅሜዋለሁ፣ መጣድ ብቻ ነው የቀረው።

ትላንት የበተንኩትን ካርታ ሰብስቤዋለሁ። አንዱ ጥጉ ታጥፎ ስለነበር ሙቀጫ ጭኜበታለሁ፤ እስከ ማታ ይቃናል።

ኮንከር እድል ነው ስልሽ ሁልጊዜ ትስቂብኛለሽ። እድልማ ከኔ ጋር ነው። ጆከር የሚደርሰው ለኔ ነው። ግን ለክፉ ቀን ይሆነኛል ብዬ ይዤው ስቀመጥ አንቺ ጨዋታውን ዘግተሽ ትነሻለሽ።

ትላንት ያናደደኝ መሸነፌ አይደለም። ልጄ ሰዓደት ካንቺ ኋላ ተቀምጣ፣ «እትዬ ሸዋርካብሽ፣ ጆከሩ እማዬ ጋ ነው! ሲደርሳት ሻሿን ታስተካክላለች» አለችሽ።

«አውቃለሁ የኔ ቆንጆ፣ ድሮ ነው የነቃሁባት» አልሻት።

ሁለታችሁም ሳቃችሁ። ካርታውን የበተንኩት ያን ጊዜ ነው። ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት እኔ፣ ሚስጥሬን የምታወጣው ላንቺ።

መሠረተ ትምህርት ከገባሁ ወዲህ ሰዓደት ሳታርምልኝ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለሷ አታሳዪያት።

ማታ እንደገና እንጫወታለን። ሻሼን አጥብቄ አስሬ ነው የምቀመጠው። በጆከሩም አልሳሳም፣ ቶሎ አወርደዋለሁ።

ሰዓደት ግን ዛሬ ከኔ ኋላ ትቀመጥ።

አንቺው ንገሪያት። አንቺን ትሰማለች።

ሐዋ