ጉዳዩ፦ የአስቻለውን ዝምታ መመለስን ይመለከታል

ይድረስ ለክቡር አቶ በዕውቀቱ
የውርጭ ባንድ መሥራች፣ መሪ ጊታሪስት፣ ድምፃዊ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ኪቦርድ ተጫዋች
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉሮሮዎስ እንዴት ነው? ድሮ አንድ ምሽት ከጮኹ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ በምልክት ያናግሩን የነበሩት ሰው አሁን ቅቤ በጠጣ ድምፅ ስለሚዘፍኑ፣ ጉሮሮዎ አርፎ፣ ደልቶት፣ ምናልባትም ወፍሮ እንደሚገኝ ተስፋችን ጽኑ ነው። እኛ በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌና በዘመሮ የምንገኝ ደጋፊዎችዎ ከብርዱ በቀር ክፉ አልነካንም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከሰላምታችን ቀጥሎ በታላቅ ሐዘን የምናስታውቅዎ ነገር አለ፦ የደጋፊዎች ማኅበራችን አባላት በሙሉ ፀጉራችንን ተላጭተናል። አዎን፣ ያንን እናንተን አይተን ያሳደግነውን፣ በትከሻችን ላይ ይወርድ የነበረውን፣ ከእናቶቻችን ያጣላንን፣ የንስሐ አባቶቻችን "ልጄ፣ ወይ መንኩስ ወይ ተቆረጥ" እያሉ የለመኑንን ፀጉር። በእኛ አገር ሰው በአንድ ጊዜ ተሰባስቦ የሚላጨው ምን ሲገጥመው እንደሆነ አይጠፋዎትምና፣ ገበያ ስንወጣ "ማን ሞቶባችሁ ነው?" የማይለን ሰው ጠፋ። የማኅበራችን ሊቀ መንበር ብሌን ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች "ውርጭ ሞቶ ነው" አለቻቸው። አንድ በግ ሊሸጡ የመጡ አባት ይህን ሲሰሙ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው "እሰይ! እንኳን ሞተ! የዘንድሮ ገብሳችን ተረፈ በሉኛ!" ብለው ምሥራቹን ለጎረቤታቸው ሊያደርሱ ሄዱ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በቀብርዎ ዕለት ያለቀስነው እኛ ብቻ ስንሆን፣ የቀረው የመንዝ ሕዝብ በደስታ መዋሉን ስንገልጽልዎ በታላቅ አክብሮት ነው።

እርግጥ ነው፣ አብረን አንድ ወንበር ላይ ተማርን፣ "አንተ በዕውቀቱ" እያልንም አደግን። ነገር ግን በሬዲዮ ቀርበው "ድሮ ልጆች ነበርን፣ አሁን አድገናል" ማለትዎን ከሰማንበት ቀን አንስቶ፣ ላደገ ሰው አንተ ማለት ነውር ነውና፣ እርስዎ ማለት ጀምረናል። ቅሬታዎቻችንም እንደ ዕድገትዎ መጠን እንደሚከተለው ቀርበዋል።

1ኛ. ስለ ተራማጅነት። ባንዱ ገና ሲመሠረት፣ ፕሮግረሲቭ ሜታል የሚባለውን ጩኸታም የሮክ ሙዚቃ የምንጫወትበት የልምምድ ቦታ ይሰጠን ብለው ሲያመለክቱ፣ ስሙን የማንጠራው መሥሪያ ቤት "በአማርኛ ተጽፎ ይቅረብ" ብሎ እንደመለሰልዎ ያስታውሳሉ። እርስዎም መዝገበ ቃላት አገላብጠው "ተራማጅ ብረት" ብለው ጻፉ። ሹሙ "ተራማጅ" የሚለውን ሲያዩ ደርግ የተመለሰ መስሏቸው ደነገጡ፤ ዝቅ ብለው "ብረት" የሚለውን ሲያዩ ግን ልባቸው መለስ አለና፣ ከበርና መስኮት ሠሪዎች ጋር መድበው የብየዳ ቤቱን ጥግ ሰጧችሁ። እኛ ሙዚቃችሁን የለመድነው እዚያ ነው። ብየዳው ሲንጣጣ ከዘፈኑ ጋር የተሠራ መስሎን ያጨበጨብንበት ቀን አለ። ያ አንካሳ የምንለው በሰባት የሚቆጠር ምታችሁ መንዝን ሁሉ አስነክሶ ነበር፤ እስክስታ ሊወርድበት የሞከረ ሰው ትከሻው መሀል መንገድ ላይ ይቀርበት ነበር። አንድ ዘፈን ሲጀመር የተጣደ ሽሮ ዘፈኑ ሳያልቅ ያርር ነበር። አሁን ብረቱን ለበር ሠሪዎቹ ትተው፣ ተራማጅነቱን ብቻ ይዘው፣ በኪቦርድና በሰርግ ምት ከእኛ ወዲያ ተራምደዋል። ትከሻችንን ስለመለሱልን እናመሰግናለን።

2ኛ. ስለ ቁምጣ። በአዲሱ ክሊፕዎ በመዋኛ ገንዳ ዳር ቁምጣ ታጥቀው መታየትዎን በተመለከተ ማኅበሩ ሁለት ጊዜ ስብሰባ ጠርቶ በመጨረሻ ዝም ለማለት ወስኗል። በርኖስ ለብሶ በውርጭ ስለ ተቃጠለ ገብስ ይጮህ የነበረ ሰው ጉልበት እንዳለው አናውቅም ነበር።

3ኛ. በአዲሱ አልበም ውስጥ ያለው ማር ጎጃም ውስጥ ካለው ማር ይበልጣል። በዚህ ላይ የምንጨምረው የለንም፤ ጥርሳችንን አሞናል።

4ኛ. እስካሁን የዘረዘርነውን ሁሉ፣ ጨክነው ቢሉን፣ እንችለዋለን። ሰው ይለወጣል፤ ሰርግም ዘፋኝ ያስፈልገዋል፤ እኛም አንድ ቀን እናገባ ይሆናል። የማንችለው ይህን አራተኛውን ነው፤ እዚህ ላይ ቀልዱ ከእጃችን ቢያመልጥ ይቅር ይበሉን።

አስቻለው ድራም መቺያችሁ ነበር፤ በባዶ በርሜል ላይ የበግ ቆዳ ወጥሮ የጀመረ ልጅ። ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄድ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ አረፈ። "አመዳይ" በሚለው ዘፈናችሁ መሀል፣ ሁላችሁም ሮጣችሁ ሮጣችሁ ድንገት ቀጥ ስትሉ፣ እሱ ብቻውን አንዲት ምት የሚመታባት ቦታ ነበረች። ከሞተ በኋላ ያቺን ምት ማንም እንዳይነካት ያደረጉት እርስዎ ነበሩ፤ ማንም አልመከርዎትም። ሌላ ድራም መቺ መጥቶ ዘፈኑን ሁሉ ሲመታ እንኳ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ እጁን ያነሳ ነበር። "የአስቻለው ቦታ" አልናት። አዳራሹ እንዲህ ጸጥ ሲል፣ ሳል የያዘው ሰው ሳሉን ውጦ ይጠብቅ ነበር።

እናቱ ወይዘሮ አዛለች ለባና፣ ለመንዝ ብርድ ልብስ፣ የሚሆን የበግ ፀጉር ፈታይ እንደሆኑ ያውቃሉ። ዘፈናችሁንም እንደማይወዱት ያውቃሉ፤ "ይሄ በር ሰበራ ነው እንጂ ዘፈን ነው?" ይሉ ነበር። ቢሆንም አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም። ጆሯቸውን በፀጉር ወትፈው ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ፤ ቦታዋ ስትቃረብ ብሌን ጉልበታቸውን ነካ ታደርጋለች፤ ውታፉን ያወጣሉ፤ ዝምታውን ይሰማሉ፤ መልሰው ይወትፋሉ። ምን እንደሚሰሙ ጠይቀናቸው "ሁላችሁም ቆማችሁ ስትጠብቁት እሰማለሁ፤ ሌላ ቦታማ ማን ይጠብቀዋል?" አሉን።

በቀደም እዚሁ መሐል ሜዳ በሰርግ ምት የተሠራውን አዲሱን "አመዳይ" ስትጫወቱ ያቺ ቦታ ደረሰች። ብሌን ጉልበታቸውን ነካች። ወይዘሮ አዛለች ውታፉን አወጡ። ኪቦርድዎ የተቀዳ እልልታ ለቀቀ፤ እርስዎም በዚያ በለሰለሰ ድምፅዎ "መሐል ሜዳ፣ እጅ ወደ ላይ!" አሉ። ሕዝቡም እጁን አነሳ። ሴትዮዋ ፀጉሩን በጣታቸው እንደያዙ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቁ፤ ሲያልቅ ወደ ብሌን ዘወር ብለው "አለፈኝ እንዴ?" አሉ። ብሌን "አይ እማማ፣ ዛሬ አልተጫወቱትም" አለቻቸው። ብሌን ውሸት አትወድም፤ ስለዚህ ይህቺን ውሸት ማኅበሩ በእርስዎ ስም መዝግቦ፣ ኃጢአቷንም ለእርስዎ አስተላልፏል።

በማግስቱ ተወካዮቻችን ቀርበው ስለ ጉዳዩ ሲያነጋግሩዎ "ሰው እኮ ዝም ስንል ስፒከሩ ተቃጠለ ይላል! ሰርግ ላይ ደግሞ ዝምታ ገደ ቢስ ነው፤ ምን አድርግ ነው የምትሉኝ?" ብለው መመለስዎ በአክብሮት ተሰምቷል። ምን እንደሚያደርጉ እንነግርዎታለን፤ ቀላል ነው፤ ምንም አያድርጉ። ለዳግማይ ትንሣኤ እንደገና ልትመጡ ማስታወቂያ ተለጥፏል። እልልታውን ያቆዩት፣ ቁምጣውን ይታጠቁት፣ ማሩን ያፍስሱት። እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ ብቻ እጅዎን ከኪቦርዱ አንስተው ዝም ይበሉ። ስፒከሩ ተቃጠለ የሚል ሰው ቢነሳ አጠገቡ ያለ ደጋፊ አፉን ይይዝልዎታል። ወይዘሮ አዛለች ይመጣሉ፤ እንዳይመጡ ልንነግራቸው ሞክረን "ባለፈው ካልተጫወቱት አሁን ይጫወቱታል" አሉን። ብሌንም ጉልበታቸውን መንካቷ አይቀርም። ከዚያ በኋላ የሚሰሙት ነገር በእርስዎ እጅ ነው፤ ያን ዕለት የምትዋሽ ሊቀ መንበር እንደሌለችን ከወዲሁ ይታወቅልን።

ለጥበብ ላበረከቱት፣ ለወሰዱትና ለተኩት ሁሉ ያለንን አክብሮት እየገለጽን፣ በተላጨ ራሳችን እጅ እየነሳን፣ ብርዱ በሌላ ሰው ላይ እንዲበረታ፣ ኪቦርድዎም መብራት በሄደ ቁጥር ጥቂት እንዲያርፍ እየተመኘን እንሰናበትዎታለን።

የውርጭ ባንድ ደጋፊዎች ማኅበርን በመወከል
መሳፍንት ባዘዘው፣ ጸሐፊ
መሐል ሜዳ

ግልባጭ፦
ለኪቦርዱ
ለብየዳ ቤቱ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በአዲሱ አልበም ሽፋን ጀርባ፣ ከፀጉር አስተካካይዎ ቀጥሎና ከመዋኛ ገንዳው በፊት፣ "ለወንድማችን ለአስጨነቀው" የሚል ምስጋና አንብበናል። ስሙ አስቻለው ነው። የተጨነቀ ሰው ካለ እናቱ ናቸው፤ የእሳቸው ስም ደግሞ አዛለች ነው።

ማረሚያ፦ ስህተት የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ማኅበራችንም ተሳስቷል። ባለፈው ዓመት ለባንዱ ክብር በመናኸሪያው በር ላይ በሰቀልነው ጨርቅ "በልጆቻችን እንኮራለን" ተብሎ የተጻፈው "በልጃችን እንኮራለን" ተብሎ እንዲነበብ እያሳሰብን፣ ለተፈጠረው ስህተት ሕዝቡን ይቅርታ እንጠይቃለን።