እንሶስላ የሞቀው ጀግናዎ

ለተከበሩ ዳይሬክተር ኤዚልቬንዳን፣
«አንድ ትንፋሽ» የተሰኘው የካባዲ ፊልም ደራሲና አዘጋጅ፣ በፖስተሩ ላይ በራስዎ ፈቃድ እንደተጻፈውም «የምድራችን ድምፅ»፣
ቼናይ።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ደምዎ፣ ስኳርዎ፣ ወገብዎ ደህና ነው? በተለይ ትንፋሽዎን አደራ ይጠንቀቁለት፤ እኛ የኡሲላምፓቲ አካባቢ ተመልካቾች ፊልምዎ ከወጣበት ከፖንጋል የመከር በዓል ወዲህ ስምዎን ሳናነሳ የዋልንበት ቀን ስለሌለ፣ ሳል ሳይጀምርዎት አልቀረም ብለን እንሰጋለን።

እኔ ፓንዲዱራይ እባላለሁ። «የሕዝብ ነበልባል» እየተባለ የሚጠራው ኮከብዎ በመንደራችን ያለው የአድናቂዎች ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ፊልሙ በወጣ ቁጥር ገና በማለዳው መሰላል ላይ ወጥቼ፣ ቲያትሩ በር ላይ በተገተረው ግዙፍ ምስሉ ራስ ላይ ወተት የማፈሰው እኔ ነበርኩ። «ነበርኩ» ማለቴ የአጻጻፍ ስህተት አይደለም፤ ምክንያቱን እመጣበታለሁ። አቤቱታዎቼን እንደ ወጉ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ክቡርነትዎ የስፖርት ፊልሞቻችንን ሥርዓት አንዳች ሳያጓድሉ ስለጠበቁ ምስጋናችን የላቀ ነው። አሠልጣኙ ሰካራም ነው። የጀግናው እናት በፍጻሜው ዋዜማ ትታመማለች። ባላጋራው ትምባሆ እያኘከ ይተፋል። በእረፍት ሰዓት ጀግናው ከፍቅረኛው ጋር የበረዶ ተራራ ላይ ወጥቶ፣ ሦስት ዓይነት ልብስ ቀይሮ፣ ጨፍሮ ለሁለተኛው አጋማሽ ይደርሳል፤ የእኛ አውቶቡስ በዚያች ጊዜ ውስጥ ቅርባችን ያለው ማዱራይ ከተማ እንኳ አያደርስም። በፍጻሜው ደግሞ ዝናብ ይዘንባል። ለዝናብ ስንሳል የኖርን ገበሬዎች፣ ለካ የዋንጫ ጨዋታ ማዘጋጀት ብቻ ይበቃን ኖሯል። አምና ባቀረቡልን የክሪኬት ፊልም ኳሷ ወደ ሰማይ ወጥታ አንድ ሙሉ ዘፈን እስኪያልቅ አለመውረዷን ችለን ዝም ብለናል። ካባዲ ግን የእኛ ነው፤ በካባዲ ዝም አንልም።

ሁለተኛ። መንደራችን ድረስ የመጡት የእህቴን ልጅ የሴንታማራይን ታሪክ ሰምተው ነው። ደንቡን ስለማያውቁት በአክብሮት ላስረዳዎት፦ ወራሪው ተቃራኒ ሜዳ ገብቶ ሰው ነክቶ እስኪመለስ ድረስ በአንድ ትንፋሽ «ካባዲ፣ ካባዲ» ይላል፤ ቃሉ ከተቋረጠ ተቃጥሏል። ይህን በመንደራችን ዶሮዎች እንኳ ያውቃሉ፤ እርስዎ የበሏትም ታውቅ ነበር። ሴንታማራይ በወረዳው ፍጻሜ አራት ልጃገረዶች ተረባርበውባት፣ ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ ሳይበጠስ፣ በሆዷ እየተሳበች በእግሯ ጣት የመሃሉን መስመር የነካች ልጅ ናት። በዚህም የተነሳ ቼናይ ከሚገኘው የክልል ቡድን ማሠልጠኛ ጥሪ መጣላት።

አባቷ ቬይልሙቱ ግን እንቢም እሺም ሳይል ቆየ። እሱ ራሱ በወጣትነቱ ስመ ጥር ወራሪ ነበር፤ ነገር ግን ለልጁ ባል ሊያጩ የሚመጡ ሽማግሌዎች «በቁምጣ የምትሮጠዋ እሷ ናት?» እያሉ ሲጠይቁት አንገቱን ይደፋል። ያን ጊዜ ነው እርስዎ የእህቴን የዶሮ መረቅ ከጣትዎ እየላሱ «አባት፣ ግድ የለም፣ ልጅዎን ዓለም ሁሉ በሸራ ያያታል» ያሉት። እሱም «እንግዲያው እኔም በሸራ ልያትና ያኔ እወስናለሁ» አለ። የልጅቱ ዕድል በዚያች ቅጽበት ቅባት ከነካው እጅዎ ላይ ወደቀ። በማግስቱ ካሜራዎን ተክለው ክርኗ እስኪላጥ ድረስ ሲጥሏትና ሲያስነሷት ዋሉ። የአክስቷ ልጅ ሠርግ ሰሞን ስለነበር እግሯ እንሶስላ ሞቆ ነበር፤ ታጠቢ ያላት ሰው አልነበረም። ይህችን ነገር እባክዎ ያዙልኝ።

ሦስተኛ። በመጀመሪያው ቀን ቤተሰቡን ሁሉ ሚኒባስ አሳፍሬ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ወተቱን አፈሰስኩ፣ ርችቱን ተኮስኩ፣ ገባን። ቬይልሙቱ የተተኮሰ ነጭ ሽርጡን ለብሶ፣ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ፊልሙ ተጀመረ። የሴቶቹ ቡድን የወንዶች ሆኗል። የልጅቱን ታሪክ ነበልባሉ ወስዶታል። ሴንታማራይ ሸራውን ከጥግ እስከ ጥግ ስትፈልግ፣ ከውሃ አቀባዮቹ መካከል እንኳ ራሷን ስትፈልግ አየኋት።

«አጎቴ፣ ምናልባት ከእረፍት በኋላ ይሆናል» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ መጥፎ ፊልም አይቻለሁ፤ ሰው ግን ይህን ያህል ጠልቼ አላውቅም።

ከእረፍት በኋላም የለችም። ፍጻሜው ደረሰ። ነበልባሉ ሰባት ሰው ተጭኖት «ካባዲ፣ ካባዲ» እያለ ሲሳብ ቆየና ድንገት ቆመ፤ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ «ይህ አፈር እናቴ ነው! እናቴን የረገጠ…» ብሎ ንግግር ጀመረ። ስለ አፈር ተናገረ፣ ስለ ደም ተናገረ፣ በመካከሉ አየር ስቦ ስለ ገበሬ ዕዳም ተናገረ። የፊልሙ ስም «አንድ ትንፋሽ» መሆኑን ላስታውስዎት? እስከዚያ ድረስ ቃል ያልተነፈሰው ቬይልሙቱ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ተቃጠለ!» አለ። «ኧረ ተቃጥሏል! ትንፋሹ ተቆርጧል! በዚህ አገር ዳኛ የለም እንዴ?»

«አባባ እውነታቸውን ነው፣ አውጡት!» አለ አንዱ ከኋላ።

«የናቱን ነገር ውጭ ወጥቶ ያውራ!»

«እሱ እስኪጨርስ እኔ ሩዜን ጥጄ ልምጣ!» አለች አንዲት ሴት፣ ደግሞም ተነሥታ ወጣች።

አዳራሹ በሙሉ «ተቃጠለ! ተቃጠለ!» እያለ ወንበር ይደበድብ ጀመር። ነበልባል ሲቃጠል ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከሁሉ አብልጦ ያፏጨውም ማለዳ ወተት ያፈሰሰለት ሰው ነው።

ነበልባሉ ግን አልሰማንም። ንግግሩን ጨርሶ እግሩን ወደ መስመሩ ዘረጋ፤ እግሩም ሸራውን ሞላው። ትንሽ እግር ናት። ተረከዟ ላይ ጠባሳ አለ፤ ጣቶቿ ደግሞ እንሶስላ ሞቀዋል።

«ነበልባላችን ሊዳር ነው እንዴ?» አለ አንዱ፣ ሳቁም ፈነዳ።

«ዝም በሉ!» አለ ቬይልሙቱ። «ያ የልጄ እግር ነው።»

ከዚያ በኋላ ሸራውን ያየ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ዞሮ ቆሞ ለእሷ አጨበጨበ። ክቡር ሆይ፣ በሰው እጅ የዘንዶ ጉድጓድ መለካት ከጥንት የነበረ ነው፤ በሰው እግር ዋንጫ መውሰድ ግን የእርስዎ ፈጠራ ስለሆነ ስምዎ ከመቃብር በላይ ይኖራል።

ስንወጣ ቬይልሙቱ ቲያትሩ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ሻይም አዘዘ።

«ያን ቀን በወረዳው ትንፋሽሽ ተቆርጦ ነበር?» ሲል ጠየቃት።

«አልተቆረጠም፣ አባዬ።»

«ያን ጠባሳ የተወብሽን እሾህ ከተረከዝሽ የነቀልኩልሽ እኔ ነኝ። ስታለቅሺ አላስቻለኝም ነበር።» ሻዩን ፉት አለ። «ሰውየው ተቃጥሏል። እግሩ ግን አልተቃጠለም። እግሩ ቼናይ ይሂድ።»

እንግዲህ ይህን ያነበቡ ጊዜ ፊልሜ የአንዲት ልጅ ሕይወት ለወጠ ብለው መድረክ ላይ እንዳይወጡ። ልጅቱን ያተረፋት ጥበብዎ ሳይሆን ስንፍናዎ ነው፤ ፊቷን ለመቁረጥ መቀስ አላጡም፣ እግሯን ለማጠብ ግን አንድ ጣሳ ውሃ ከበደዎት። ቃልዎን ስላጠፉ ይቅርታ አላደረግንልዎትም፣ የማድረግም ሐሳብ የለንም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ አዳራሽና ባዶ ወንበር እየተመኘሁ፣ ለጥበብዎ ከሚገባው አክብሮት አንዲት ፍሬ ሳልጨምር እሰናበታለሁ፤

ወተቱን ለመንደሩ ሴት ልጆች ቡድን ያዞረው፣
የቀድሞው የአድናቂዎች ማኅበር ጸሐፊ፣
ፓንዲዱራይ

እግረ መንገዴን፦ ክፍል ሁለት እያዘጋጁ መሆኑን ሰምተናል። እግሯ ልምምድ ላይ ስለሆነች ጊዜ የላትም። ነበልባሉ የራሱን እግር ይዞ ይምጣ፤ እንሶስላውን እኛ እናሞቀዋለን።